የላኩት መልእክት የት ቀረ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል በስልክ ስለሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚጠይቁት ስለበዙ የዛሬውን ገጽ ለእነሱ ብቻ ሰጥተናል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሥራቸውንና ሰፈራቸውን አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ የእሸት ቡና መግዣ ዋጋ ለሰብሳቢዎቼ በሜሴጅ እልካለሁ። ስልኬ «ተልኳል» ይለኛል። ጌራ ያለው ሰብሳቢ ግን ማታ ነው የደረሰኝ ይላል፤ ሌላው ጭራሽ አልደረሰኝም ይላል። በቀደም አንዱ በትናንቱ ዋጋ ገዝቶ ተጣላን። የሚዋሸኝ ማን ነው? (የቡና ነጋዴ፣ አጋሮ)

መልስ፦ ማንም ላይዋሽዎት ይችላል። ጠቡን ያመጣችው «ተልኳል» የምትለው ቃል ናት።

የስልክ ጥሪ ሁለት ሰዎችን በቀጥታ ያገናኛል። ሜሴጅ ግን በሰው እጅ እንደሚላክ አደራ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያርፍበት ቤት አለው። መጀመሪያ ከእርስዎ ቀፎ ተነሥቶ የቴሌኮም ኩባንያው የመልእክት ማዕከል ዘንድ ይገባል። «ተልኳል» ማለት እዚያ ገብቷል ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ማዕከሉ የተቀባዩ ስልክ በየትኛው አካባቢ እንዳለ ይጠይቃል። ስልኩ ከተዘጋ፣ ባትሪው ካለቀ ወይም ሰውየው ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ከሆነ መልእክቱ ማዕከሉ ውስጥ ይቀመጣል። ስልኩ ተመልሶ ኔትወርክ ላይ ሲመዘገብ «ተገኝቷል» የሚል ምልክት ለማዕከሉ ይደርሰውና መልእክቱ ይለቀቃል። ምልክቱ ካልደረሰው ደግሞ ማዕከሉ በራሱ ጊዜ እየደጋገመ ይሞክራል፤ የሙከራዎቹ ርቀት መጀመሪያ ላይ የደቂቃዎች ሲሆን እየቆየ ወደ ሰዓታት ይሰፋል። ቀኑን ጫካ ውስጥ ቡና ሲለቅም ውሎ ማታ ወደ ከተማ የወረደ ሰብሳቢ የጠዋቱን ዋጋ ማታ ቢያገኝ ስለዚህ ነው። በክረምት መብራት ጠፍቶ የኔትወርክ ማማው መጠባበቂያ ባትሪም ሲያልቅ አካባቢው በሙሉ እንዲህ ይሆናል።

ጭራሽ ያልደረሰው መልእክት ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መልእክት የሚቆይበት የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ሲያልፍ ማዕከሉ ይጥለዋል። ስማርት ስልክ ላይ ይህን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ነው። በበተን ስልክ ላይ ግን በሜሴጅ ሴቲንግ ውስጥ «ቫሊዲቲ ፔሪየድ» የሚል ምርጫ ይገኛል፤ 1 ሰዓት፣ 1 ቀን፣ 1 ሳምንት፣ ማክሲመም እያለ ይዘረዝራል። ሳይታወቅ 1 ሰዓት ላይ የተቀመጠ ስልክ ያጋጥማል። እንዲህ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተላከ ዋጋ ተቀባዩ ስልኩን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሲከፍት የለም። ማክሲመም ላይ ያድርጉት።

ቀጥሎ የመድረሻ ማረጋገጫውን ይክፈቱ። በአንድሮይድ ስልክ የሜሴጅ መተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ በሚለው ሥር፣ በበተን ስልክ ደግሞ በሜሴጅ ሴቲንግ ውስጥ «ዴሊቨሪ ሪፖርት» የሚል አለ። አይፎን ለተራ ሜሴጅ ይህ የለውም። ከተከፈተ በኋላ ሁለት ነገር ያያሉ፤ «ተልኳል» ማለት ማዕከሉ ተቀብሏል፣ «ዴሊቨርድ» ማለት የተቀባዩ ቀፎ ተቀብሏል። ሰውየው ማንበቡን ግን የትኛውም አይነግርዎትም።

ለሰብሳቢዎችዎ ደግሞ ይህን ይንገሩ፤ ከጫካ ወጥተው አንቴናው ሲመለስ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት፤ ወይም የአውሮፕላን ምልክቷን ነክተው 10 ሰከንድ ያህል ቆይተው ይመልሷት። ይህ ስልኩን እንደገና ያስመዘግበዋል፤ የተጠራቀመውም ይለቀቃል።

የዋጋ መልእክት ላይ ቀንና ሰዓት መጻፍ ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። «እሸት ቡና፣ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት፣ እስከ ቀኑ 6 ብቻ» የሚል መልእክት ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ ማንንም አያሳስትም። ዋጋው በጣም በወጣበት ወይም በወረደበት ቀን ግን ይደውሉ። ገንዘብ ያለበትን ነገር በሜሴጅ ብቻ መተው አንመክርም።

ጥያቄ፦ ለተማሪ ወላጆች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መልእክት እልካለሁ። አንዳንዱ ወላጅ ግማሹ ብቻ ደረሰኝ ይላል፣ አንዱ የጥያቄ ምልክት ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ባዶ ሳጥን ብቻ። ሂሳቤም ከጠበቅኩት በላይ ይቆረጣል። (መምህርት፣ ጅማ ሂርማታ)

መልስ፦ መምህርት፣ አራት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ ሜሴጅ ሲፈጠር ለእኛ ፊደል ተብሎ አልተለካም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ልኩን የወሰኑት የአውሮፓ መሐንዲሶች አንድ መልእክት 140 ባይት (አንዱ ባይት 8 ቢት የሚይዝ የመረጃ መለኪያ ነው) እንዲይዝ አደረጉ። በሠሩት የፊደል ሠንጠረዥ አንዱ የላቲን ፊደል 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ የዓለምን ቋንቋዎች ፊደል በያዘው በዩኒኮድ ነው የሚላከው፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚህ አላላክ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአንድ ሜሴጅ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታም፣ አራት ነጥብም፣ ቁጥርም ይቆጠራል።

ከ70 ሲያልፍ ስልኩ ጽሑፉን ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ «ከ3ቱ 2ኛው ነኝ» የሚል መለያ መሸከም ስላለበት ቦታው ወደ 67 ይወርዳል። ስለዚህ 2 ቁራጭ እስከ 134፣ 3 ቁራጭ እስከ 201 ፊደል ይይዛል። በላቲን ፊደል ቁራጩ 153 ነው። 300 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት 5 ሜሴጅ ሆኖ ይሄዳል፤ ያው 300 በላቲን 2 ብቻ ነበር። ሂሳብዎ የሚቆረጠው በቁራጭ ነው።

ቁራጮቹ አብረው አይጓዙም። አንዱ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ አንዳንዱ ቀፎ የደረሰውን ብቻ ያሳያል፤ ብዙ ስማርት ስልኮች ደግሞ ሁሉም እስኪሟላ ምንም አያሳዩም። «ግማሹ ብቻ ደረሰኝ» እና «ምንም አልደረሰኝም» የሚሉት ሁለት ወላጆች የሚያወሩት ስለ አንድ ችግር ሊሆን ይችላል።

ይህን ስንል ፊደላችን ይጎዳናል ማለታችን አይደለም። አንድ ፊደል አናባቢውንም ተሸክሞ ስለሚሄድ 70 ቦታ ብዙ ይይዛል። «ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 የወላጆች ስብሰባ ስላለ በሰዓቱ ይገኙ።» የሚለው 41 ብቻ ነው፤ በላቲን ቢጻፍ ከ60 ያልፋል። መልእክትዎን ከ70 በታች ለማድረግ ይሞክሩ፤ ካልሆነም ከ134 አያሳልፉ። ስልክዎ ላይ በሚጽፉበት ሳጥን ጎን የሚታየው ቁጥር ስንት ቦታ እንደቀረና ስንተኛው ቁራጭ ላይ እንዳሉ ይነግርዎታል። «የተከበራችሁ ወላጆች እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው መግቢያ በደብዳቤ ላይ ያምራል፤ በሜሴጅ ላይ ግን ከቦታው ሲሶ በላይ ይበላል።

አፋን ኦሮሞው ላይ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ወጥመድ አለ። በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) የተጻፈ መልእክት 160 ፊደል መያዝ ነበረበት። ሁድሃ (በቃል መካከል ከላይ የምትገባዋን ጭረት) ስትጽፉ ግን አንዳንድ ስልክ ቀጥ ያለችውን ጭረት በራሱ ወደ ጎበጠችው ይለውጣታል። ቀጥ ያለችው በሠንጠረዡ ውስጥ አለች፤ የጎበጠችው የለችም። አንዲት የጎበጠች ሁድሃ መላውን መልእክት ወደ ዩኒኮድ ታዛውረዋለች፤ 160 የነበረው 70 ይሆናል። በአይፎን ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ስማርት ፐንክቹዌሽን» የሚለውን ይዝጉት። ኢሞጂም እንዲሁ ነው፤ እሷ ራሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ የ2 ፊደል ቦታ ትይዛለች።

የጥያቄ ምልክቱና ባዶ ሳጥኑ አይምታቱብዎ። ባዶ ሳጥን ማለት መልእክቱ ሙሉ ሆኖ ደርሷል፣ የተቀባዩ ቀፎ ግን የአማርኛ ፊደል አልተጫነበትም ማለት ነው። ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ቢያደርጉት የሚቀጥለው መልእክት ይነበባል። የጥያቄ ምልክት ማለት ግን ፊደሉ ሲላክ ወይም መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ የተቀባዩ ስልክ ምንም ቢሆን አይመለስም። መጀመሪያ የራስዎን ስልክ ይዩ፤ በሜሴጅ ሴቲንግ ውስጥ «ኢንፑት ሞድ» የሚል ካለ «ጂኤስኤም አልፋቤት» (ያ የላቲኑ ሠንጠረዥ) ላይ ተቀምጦ ይሆናል። «አውቶማቲክ» ወይም «ዩኒኮድ» ያድርጉት።

አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ስልክ መልእክቱ ጥቂት ቁራጭ ሲያልፍ በራሱ ወደ ኤምኤምኤስ (ፎቶና ረጅም ጽሑፍ ወደሚላክበት የመልእክት ዓይነት) ይቀይረዋል። ኤምኤምኤስ የሚሄደው በዳታ ነው፤ ተቀባዩም የሚችል ስልክና የተስተካከለ ዳታ ያስፈልገዋል። በበተን ስልክ የሚጠቀም ወላጅ ጋ አይደርስም። ስትጽፉ መላኪያው ላይ «ኤምኤምኤስ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ካለ አቁሙና ለሁለት ከፍላችሁ ላኩ።

ጥያቄ፦ ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ አይመጣልኝም። አሥር ጊዜ «እንደገና ላክ» እላለሁ፤ በመጨረሻ አምስቱ አንድ ላይ ይመጡና የትኛውም አይሠራም። (ባለሱቅ፣ ጅማ መርካቶ)

መልስ፦ «እንደገና ላክ» ማለቱን ያቁሙ። አዲስ ኮድ በጠየቁ ቁጥር የቀደመው ይሰረዛል፤ ኮዱ ራሱም ዕድሜው የደቂቃዎች ነው። አምስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ እሱም ጊዜው ካላለፈ። አንድ ጊዜ ይጠይቁና በትዕግሥት ይቆዩ።

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ከሌላ ሰው ስልክ ወደ እርስዎ ቁጥር ተራ ሜሴጅ ያስልኩ። ተራው ከደረሰና የባንኩ ካልደረሰ ሲምዎ ደህና ነው፤ ያኔ ሦስት ቦታ ይዩ። ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው ቁጥር አሁን ስልኩ ውስጥ ያለው ነው ወይስ የድሮው? በ09 አስመዝግቦ በ07 የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያ ሲበዛብዎ አጭር ቁጥሮችን ብሎክ አድርገው የባንኩንም አብረው ዘግተው ይሆናል። ሦስተኛ፣ የአንድሮይድ ሜሴጅ መተግበሪያ «ስፓም ኤንድ ብሎክድ» የሚል የተለየ ማኅደር አለው፤ አይፎንም የማያውቃቸውን ላኪዎች ለብቻ የሚለይበት ዝርዝር አለው። እዚያ ተኝቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ተራውም ካልደረሰ ሲሙን አውጥተው ሌላ ቀፎ ላይ ያድርጉ። እዚያ ከመጣ ጥፋቱ የቀፎው ነው፤ እዚያም ካልመጣ የሲሙ ወይም የመስመሩ ነው፣ ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ዝውውር አድርገው ማረጋገጫው ሜሴጅ ባይመጣ ገንዘቡን ደግመው አይላኩ። ገንዘቡና ሜሴጁ የሚሄዱት በተለያየ መንገድ ነው፤ ገንዘቡ ደርሶ ሜሴጁ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ በመተግበሪያው ወይም ቴሌብር ከሆነ በ*127# ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። ዕቃ ሲሸጡም እንዲሁ፣ ገዢው የሚያሳይዎትን ሜሴጅ ሳይሆን የራስዎን ሂሳብ ይመኑ። ሁለተኛው ከባድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ እያለው የእርስዎ ስልክ ብቻ በድንገት አገልግሎት የለም ካለና ስልኩን አጥፍተው ቢያበሩም ካልተመለሰ፣ ሌላ ሰው በቁጥርዎ ሲም አውጥቶ ኮዶቹን እየተቀበለ ሊሆን ይችላል። በሌላ ስልክ ወዲያው ለባንክዎ ደውለው ሂሳቡን ያሳግዱ፤ ከዚያ ወደ ቴሌኮሙ። ኮድዎን ደግሞ ማንም ቢጠይቅዎ፣ «ከባንክ ነው» ቢልም፣ አይንገሩ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሜሴጅ ላክንልሽ ይሉኛል፤ አይመጣም። ስልኬ ላይ የፖስታ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። (እናት፣ ጅማ ቆጪ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሳጥኑ ሞልቷል። በተን ስልኮች ብዙ ጊዜ መልእክት የሚያስቀምጡት ሲሙ ላይ ነው፤ ሲም የሚይዘው ደግሞ ጥቂት አሥሮችን ብቻ ነው። ሲሞላ ስልኩ አዲሱን «ቦታ የለኝም» ብሎ ይመልሰዋል። ከልጆችዎ ወይም ከጎረቤት አንዱ የማስታወቂያዎቹን መልእክቶች ያጥፋልዎትና በሜሴጅ ሴቲንግ ውስጥ ማስቀመጫውን ከ«ሲም» ወደ «ፎን» ይቀይርልዎት። ቦታ ሲለቀቅ ስልኩ ራሱ ለማዕከሉ ያሳውቃል፤ የሚቆዩበት ጊዜ ያላለፈባቸው መልእክቶችም ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ መልሱ ከጥያቄው በላይ ይቀመጣል። የባንክ ሜሴጅም የመጣበት ሰዓት ሁልጊዜ 6 ሰዓት የተዛነፈ ነው። መልእክቱ እየዘገየ ነው? (ሹፌር፣ ሰርቦ)

መልስ፦ አልዘገየም። የስልክዎን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አድርገውታል። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 2፡00 እንዲል በእጅ ሲያዞሩት፣ እርስዎ የሚልኩት በ2፡00 ይመዘገባል፤ የሚመጣልዎት ግን የማዕከሉን ማኅተም ይዞ በ8፡00 ይገባል። ስልኩም በሰዓት ሲደረድር መልስና ጥያቄ ይገለባበጣል። ቀንና ሰዓቱን «አውቶማቲክ» ላይ ያድርጉት። የእኛን ሰዓት ማየት ከፈለጉ ስልኩን ሳይነኩ ለብቻው የሚያሳይ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ አለ። ባትሪው ወልቆ ቀኑ ወደ ድሮ የተመለሰበት ስልክም ይህንኑ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ጂዳ ያለች እህቴ የምትልክልኝ ሜሴጅ አይደርስም፤ የእኔ ግን ይደርሳታል። (ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ቁጥርሽን እንዴት እንደመዘገበችው ጠይቂያት። ከውጭ ሲላክ +251 ተብሎ መጀመሪያ ያለው 0 ይወጣል፤ +2519 ወይም +2517 ብሎ ይቀጥላል። +25109 ብላ ከሆነ የመዘገበችው አይደርስም። እሷ የያዘችው አይፎን ከሆነና አንቺም አይፎን ትጠቀሚ ከነበረ፣ ወደ አንድሮይድ ስትቀይሪ የእሷ ስልክ አሁንም በአይሜሴጅ (አይፎኖች እርስ በርስ በሚላላኩበት) እየላከልሽ ሊሆን ይችላል። የአይሜሴጅ መልእክት ሰማያዊ ነው፣ ተራው አረንጓዴ። ሰማያዊ ከሆነ መልእክቱ የሚሄደው በኢንተርኔት ወደ ድሮው ስልክሽ ነው። ሲምሽን አይፎኑ ላይ መልሰሽ አይሜሴጅን ዝጊው።

ጥያቄ፦ በዒድና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የምልከው ሁሉ «አልተላከም» ይለኛል፤ ቁጥርም ይጽፍበታል። ለድጋፍ ስደውል ምን ልበል? (ፀጉር አስተካካይ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ሜሴጅ የሚያልፈው ኔትወርኩ ጥሪ ለመጥራትና ስልኮችን ለመመዝገብ በሚጠቀምበት ጠባብ መስመር ነው። አንቴናው ደክሞ ጥሪ አልሳካ ሲል እንኳ ሜሴጅ የሚያልፈው ስለዚህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት «ዒድ ሙባረክ» ሲል የሚጨናነቀውም ስለዚህ ነው። 42 የሚል ቁጥር ካዩ መጨናነቅ ነው፤ 41 ጊዜያዊ እክል፣ 38 የኔትወርክ ብልሽት ነው። በእነዚህ ጊዜ ደጋግሞ መላክ መጨናነቁን ያባብሰዋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተው አንድ ጊዜ ይላኩ። 28 ወይም 50 ካለዎት ግን መጠበቅ አይፈታውም፤ መስመርዎ ለሜሴጅ በትክክል አልተመዘገበም ማለት ነው። በዓል ባልሆነ ቀን ለማንም አልላክ ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ ሂሳብዎን (ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*804#) ይዩ፤ ሂሳብ ካለ የመልእክት ማዕከሉ ቁጥር ከስልኩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በተን ስልክ ላይ በሜሴጅ ሴቲንግ ውስጥ «ሜሴጅ ሴንተር» ይባላል። ባዶ ከሆነ ወይም በ+251 ካልጀመረ ትክክለኛውን ቁጥር ከድጋፍ ማዕከሉ ይጠይቁ፤ በግምት ወይም ከጓደኛ ሌላ ኩባንያ ሲም ላይ ቀድተው አይጻፉ።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም ወደ ሳፋሪኮም 700 ሲደውሉ ወረቀት ላይ እነዚህን ይያዙ፦ መልእክቱን የላኩበት ቀንና ሰዓት (የእኛ ሰዓት ይሁን የፈረንጅ ለይተው)፣ የላኪውና የተቀባዩ ቁጥር፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው ወይስ ለሁሉም፣ የወጣው የስህተት ቁጥር፣ ሲሙን ሌላ ቀፎ ላይ ሞክረው የሆነውን፣ እንዲሁም ሲልኩ የነበሩበትን ሰፈር። ስልክዎ ሁለት ሲም ካለው በየትኛው እንደላኩም ይመልከቱ፤ «አልተላከም» የሚለው ብዙ ጊዜ ሂሳብ በሌለበት ሲም ተልኮ ነው።